ዞሯል አሉ

እቴቴ የደወለችልኝ በ21ኛው ቀን ጠዋት ነው። ሰላምታው ሳያልቅ "ስንት ወጣ?" አልኳት። ትንሽ ዝም ብላ "14" አለች። ሌላ አልጨመረችም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ማሽኑ ውስጥ የገባው 60 እንቁላል ነበር። 6ቱን በ7ኛው ቀን ጨለማ ክፍል ውስጥ በስልክ መብራት አይታ "ፍሬ አልያዙም" ብላ አውጥታቸዋለች። ከ54 ላይ 14 ሲቀነስ ስንት እንደሚቀር ሁለታችንም እናውቃለን።

"እንዴት እንዲህ ሆነ?" አልኩ፣ መጠየቅ ያለበት ሌላ ሰው እንደሆነ ሁሉ።

"እኔ ምን አውቄ። ግን እኮ በየቀኑ ዞሯል ይላል።"

ከዚያች ቀን ጀምሮ ከጆሮዬ ያልወጣችው ይህቺ ዓረፍተ ነገር ናት። "ዞሯል" የሚለውን ቃል ስክሪኑ ላይ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝና።

ዲግሪዬ የኤሌክትሪካል ምህንድስና ነው፤ እንጀራዬ ግን ኮድ ነው። ከተመረቅኩ ወዲህ ሽቦ የነካሁት ቻርጀር ሲበላሽብኝ ብቻ ነበር። እቴቴ የእናቴ ታናሽ ናት፤ ቢሾፍቱ ትኖራለች፣ ዶሮ ታረባለች። ሰው ሠርቶ የሸጠላት የእንጨት ማስፈልፈያ ሳጥን አላት። ማሞቂያ አለው፣ ማራገቢያ አለው፣ ሙቀቱን 37.5 ዲግሪ ላይ የሚጠብቅ መቆጣጠሪያ አለው። እንቁላል ግን አያዞርም።

እንቁላል ለምን ይዞራል ለምትሉ (እኔም አላውቅም ነበር)፣ ጽንሱ የሚያድገው በአስኳሉ ላይኛው ገጽ ላይ ነው። እንቁላሉ ሳይነካ ብዙ ከቆየ አስኳሉ ወደ ላይ ይንሳፈፍና ጽንሱ ከቅርፊቱ ሥር ካለው ስስ ሽፋን ጋር ይጣበቃል። ዶሮዋ ይህን ማንም ሳይነግራት ታውቃለች፤ በቀን ብዙ ጊዜ በመንቁሯ እየገፋች ታገላብጣቸዋለች። ሰው ሲያስፈለፍል የእሷን ሥራ እሱ ይሠራል፣ እስከ 18ኛው ቀን። የመጨረሻዎቹን ቀናት ጫጩቱ ለመውጣት ቦታውን ስለሚይዝ አይነካም።

እቴቴ የምትሠራው በእርሳስ ነበር። በእያንዳንዱ እንቁላል አንድ ጎን መስቀል፣ በሌላው ጎን ክብ ትስላለች። ጠዋት መስቀሉ ሁሉ ወደ ላይ፣ ከሰዓት ክቡ ሁሉ ወደ ላይ፣ ማታ እንደገና መስቀሉ። ሌሊት ደግሞ አላርም ሞልታ ትነሳለች። ለገና እሷ ቤት አድሬ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ጋቢዋን ተከናንባ ወደ ሳጥኑ ስትሄድ አየኋት። "እቴቴ፣ እኔ ማሽን እሠራልሻለሁ፣ አንቺ ተኚ" አልኳት። ደስ አላት። በማግስቱ ለቤተሰቡ ሁሉ ነገረች፤ ለጎረቤትም ነገረች። ይህ መነገሩ በኋላ ዋጋ አለው።

የመረጥኩት ሞተር ስቴፐር ይባላል። ተራ ሞተር ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ዝም ብሎ ይሽከረከራል፤ ስቴፐር ይራመዳል። ውስጡ ያሉት ሁለት የሽቦ ጥቅሎች ተራ በተራ፣ አቅጣጫ እየቀያየሩ ኤሌክትሪክ ሲያገኙ ዘንጉ በአንድ ጊዜ 1.8 ዲግሪ ይሄዳል። 200 እርምጃ አንድ ሙሉ ዙር ነው። ስለዚህ ስንት እርምጃ እንዳዘዛችሁ ከቆጠራችሁ ዘንጉ የት እንዳለ ታውቃላችሁ ይባላል። "ይባላል" ማለቴን ያዙልኝ።

ሞተሩን ያገኘሁት ምናለሽ ተራ ነው፣ ከተበተነ የቢሮ ፕሪንተር የወጣ፣ አራት ሽቦ ያለው። ድራይቨሩ ኤ4988 የሚባለው ነው፣ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም የማይበልጥ ሰሌዳ። ትእዛዝ የሚሰጠው አርዱዪኖ ነው፤ በአንድ ሽቦ አቅጣጫ ይነግራል፣ በሌላው ምት ይልካል፣ በአንድ ምት አንድ እርምጃ። ድራይቨሩ ያንን ሰምቶ ከባዱን ኤሌክትሪክ ለሞተሩ ያከፋፍላል። ሞተሩ ጥርሱ የተጠረበ ረጅም ዘንግ ያዞራል፣ ዘንጉ ትሪውን ወደ አንድ ጎን 45 ዲግሪ ያህል ያዘነብለዋል፣ ከ3 ሰዓት በኋላ ወደ ሌላኛው። በቀን 8 ጊዜ፣ በእያንዳንዱ 1,800 ምት። ኮዱ አንድ ገጽ አይሞላም።

የመጀመሪያው ምሽት ሞተሩ አልዞረም፤ ብርድ እንደያዘው ሰው እዚያው ተንዘፈዘፈ። የታወቀ በሽታ ነው፤ ከአራቱ ሽቦዎች የትኞቹ ሁለቱ የአንድ ጥቅል ጫፎች እንደሆኑ ሳላጣራ ነበር የሰካሁት። ማጣሪያ ዘዴው ደስ ይላል። ሞተሩን ከሁሉም ነገር ትነቅሉታላችሁ፣ ሁለት ሽቦ መርጣችሁ ጫፋቸውን ታነካካላችሁ፣ ከዚያ ዘንጉን በጣታችሁ ታዞራላችሁ። በቀላሉ ከሄደ ጥንዶች አይደሉም። ከከበደ፣ እምቢ እያለ የሚሄድ ከመሰላችሁ፣ ጥንዶች ናቸው፤ ሞተሩ ጄኔሬተር ሆኖ የራሱን መዞር እየተቃወመ ነው። ዩኒቨርሲቲ ለፈተና የሸመደድኩት የሌንዝ ሕግ ያን ቀን ጣቴ ላይ ገባኝ። ከዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ አሁንም በደስታ የማስታውሳት ደቂቃ እሷ ናት።

ሁለተኛው ምሽት ድራይቨር አቃጠልኩ። ኃይሉን ሳላጠፋ የሞተሩን ሽቦ ነቀልኩ፤ ጥቅሉ ውስጥ የነበረው ኃይል መሄጃ አጥቶ ድራይቨሩ ላይ ተመለሰበት። ትንሽ ጭስ፣ ያቺ የማትረሳ ሽታ፣ በቃ። ሌላ ገዛሁ፤ ገና ከመጀመሪያው ማድረግ የነበረብኝን 100 ማይክሮፋራድ ካፓሲተርም ኃይል መግቢያው ላይ ጨመርኩ። በዚህ አልቆጭም። ያቃጠልኩት የራሴን ዕቃ፣ በራሴ ገንዘብ ነው።

ሦስተኛው ምሽት ላይ ነው ነገሩ።

ቅዳሜ ነበር፤ እሁድ ጠዋት ቢሾፍቱ እንደምደርስ ተናግሬያለሁ። ሞተሩ ባዶውን ጥሩ ይሄዳል። ትሪው ላይ ክብደት ስጭንበት ግን (በእንቁላል ፋንታ ድንች ደርድሬ ነበር) አንዳንዴ ይጮህና ይቆማል፣ ወይ ጥቂት ሄዶ ይንሸራተታል። እርምጃ ጣለ ማለት ነው። ምክንያቱ ከሁለት አንዱ ሊሆን ይችላል። አንደኛው፣ ከቆመበት ተነስቶ ወዲያው በሰከንድ 1,000 እርምጃ እንዲሮጥ ማዘዜ ነው፤ የተጫነ ሰው "ሩጥ" ሲሉት መጀመሪያ ይራመዳል እንጂ ከመሬት አይወረወርም። ፍጥነቱን ቀስ በቀስ የሚጨምር ኮድ መጻፍ ነበረብኝ። ሁለተኛው፣ የሚያገኘው ኤሌክትሪክ ማነሱ ነው። ለዚህኛው ድራይቨሩ ላይ አንዲት ትንሽ ብሎን አለች፤ ስትዞር ለሞተሩ የሚፈቀደው አምፔር ይጨምራል ወይ ይቀንሳል።

ኮድ መጻፍ ሥራዬ ነው። ግን ዊንጩ እጄ ላይ ነበር። ብሎኗን ትንሽ አዞርኩ፤ ሞተሩ ተሻለው። ደግሞ ትንሽ። ድንቹን ተሸክሞ ወጣ። አሥር ጊዜ ደጋገምኩት፣ አሥሩንም ወጣ ወረደ።

መልቲሜትሩ ጠረጴዛው ላይ ነበር። እዚህ ላይ ነው ሐሳቤ እየተመላለሰ የሚቆመው። ብሎኗ ላይ ያለውን ቮልቴጅ መለካት 30 ሰከንድ አይፈጅም። ቀመሩንም አውቀዋለሁ፤ ቮልቴጁን ሰሌዳው ላይ ላለችው መለኪያ ሬዚስተር 8 እጥፍ ማካፈል ነው። የእኔ ሰሌዳ ላይ ያለችው 0.1 ኦም ናት፤ ስለዚህ 0.8 ቮልት ማለት 1 አምፔር ነው። ያለ ማቀዝቀዣ አልሙኒየም ይህ ድራይቨር ከዚያ ብዙ ሊያልፍ እንደማይገባም አውቃለሁ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ሆኗል፣ ደክሞኛል፣ ሞተሩም እየዞረ ነው። ብለካውና ቁጥሩ መጥፎ ቢሆን ሥራው እንደገና ሊጀመር ነው። አልለካሁም። ረስቼ እንዳይመስላችሁ፤ መልሱን ስላልፈለግኩት ነው።

እሁድ ገጠምኩላት። ድራይቨሩንና አርዱዪኖውን በባዶ የቅቤ ዕቃ አድርጌ ሳጥኑ አናት ላይ አሰርኩት፤ ሽቦዎቹ በቀዳዳ ወደ ውስጥ ይገባሉ። ከፊት ለፊት ትንሽ ስክሪን ለጠፍኩ። የእነዚህ ስክሪኖች ቤተ መጻሕፍት የእኛን ፊደል አያውቅም፤ እቴቴ ደግሞ በላቲን ከምታነብ በአማርኛ ብታነብ ይቀላታል። ስለዚህ "ዞሯል" የሚለውን ቃል ነጥብ በነጥብ ሳልኩት። የ"ሯ"ን እግር ለማስተካከል ብቻ ስንት ጊዜ እንደለፋሁ! ለሦስት ፊደል አንድ ሙሉ ምሽት ሰጥቻለሁ። ለመለኪያው 30 ሰከንድ አልነበረኝም።

"ጨረስክ?" አለችኝ።

"ጨርሻለሁ፣ እቴቴ። ከእንግዲህ ተኚ።"

እርሳሱን መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። በሳምንቱ ጎረቤቷ ለ25 ጫጩት ቀብድ ከፈለቻት።

እንቁላሎቹ ከሞቱ በኋላ ቅዳሜ ሄድኩ። ክዳኑን ከፍቼ ሞተሩን አስነሳሁት፤ እንደ ሰዓት ይሠራል። ሃያ ጊዜ ሞከርኩት፣ ሃያውንም ደረሰ። "አየሽ? ይሠራል እኮ" ልላት ምንም አልቀረኝም። ያላስቻለኝ የ14ቱ ድምፅ ነው፣ ጓዳ ውስጥ ካርቶን ውስጥ ሆነው ይንጫጫሉ።

ከዚያ የቅቤ ዕቃውን ከደንኩ፣ ሳጥኑን አሞቅኩ፣ ድንቹን ደረደርኩ፣ ጆሮዬን እንጨቱ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ከብዙ ደቂቃ በኋላ፣ በአንዱ ዙር መሐል፣ የሞተሩ እምምታ ቀጥ አለ። ጥቂት ቆይቶ ቀጠለ። እንደገና ቀጥ። ክዳኑን ከፍቼ ድራይቨሩን ስነካው ጣቴን ለበለበኝ። ለካሁት። 1.1 ቮልት፤ ወደ 1.4 አምፔር ማለት ነው።

የሆነው እንዲህ ነው። ሞተሩ ቆሞም ትሪውን አጥብቆ እንዲይዝ ብዬ ኃይሉን አላጠፋሁትም ነበር፤ ስለዚህ ድራይቨሩ ቀንና ሌሊት ይግላል። የተቀመጠው የተዘጋ ዕቃ ውስጥ፣ ከታች በቀዳዳው ሞቃት አየር እየነፈሰበት ነው። ኤ4988 ውስጡ 165 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ እንዳይቃጠል ራሱን ያጠፋል፤ ሲበርድለት ምንም እንዳልተፈጠረ ይነሳል። ጠፍቶ ሳለ አርዱዪኖው ምቱን መላክ አላቆመም። እርምጃ የሚጠፋው ደግሞ በአብዛኛው ከባዱን ጎን ሽቅብ ሲገፋ ነው፤ ቁልቁል ሲመለስ ክብደቱ ራሱ ያግዘዋል። በየዙሩ ትንሽ ትንሽ ሲጎድል ትሪው ወደ አንድ ጎን እየተንሸራተተ ሄዶ እዚያ ተደገፈ። ክዳኑን ከፍቼ ሳየው ይበርዳል፤ ሲበርድ ይሠራል። ማየቴ ራሱ ያድነው ነበር ማለት ነው።

የሚገርመው፣ ዲአርቪ8825 የሚባለው የቅርብ ዘመዱ ሲታመም የሚናገርበት አንድ እግር አለው። ኤ4988 የለውም። ዝም ብሎ ይታመማል፣ ዝም ብሎ ይድናል።

ይህን ሁሉ ለእቴቴ ሳብራራላት ቡና እየቆላች ነበር። አዳምጣ ስታበቃ እንዲህ አለችኝ፦ "9ኛው ቀን ላይ አንድ ነገር አይቼ ነበር። ጠዋት ትሪው ወደ በሩ ነበር ያዘነበለው። ምሳ አካባቢ በመስታወቱ ሳይ አሁንም ወደ በሩ ነው። ስክሪኑን አየሁ፣ ዞሯል ይላል። ጠዋት በደንብ አላየሁት ይሆናል ብዬ ተውኩት።"

ከእንቁላሎቹ ሞት በላይ ያሳፈረኝ ይሄ ነው። ይህቺ ሴት ከእኔ ዕድሜ በላይ ዶሮ አርብታለች። አይታለች። ዓይኗና ስክሪኔ ሲለያዩ የጠረጠረችው ዓይኗን ነው። እኔ የሠራሁት ማሽን እንቁላል ማዞር ቢያቅተውም አንድ ነገር ተሳክቶለታል፤ ያየችውን አላየሁም እንድትል አድርጓታል።

ዋሽቻለሁ ወይ? ብዙ ሌሊት የጠየቅኩት ጥያቄ ይህ ነው። ለማታለል አላሰብኩም፣ ያተረፍኩትም የለም። ኮዱን ከፍቼ አየሁት። 1,800 ምት ላክ። ቆጣሪው ላይ 1 ጨምር። "ዞሯል" ብለህ አሳይ። ሦስት ተራ ሥራዎች። ፕሮግራሙ በእርግጥ የሚያውቀው የመጀመሪያውን ብቻ ነው፤ ምት መላኩን። ከመላክ ወደ መዞር የተሻገረው እሱ አይደለም፣ እኔ ነኝ፣ በሦስት ፊደል።

አማርኛ እኮ ለዚህ የሚሆን ዕቃ ሞልቶታል። "ዘነበ" ያለ ሰው አይቷል። "ዘነበ አሉ" ያለ ሰው ሰምቷል። "ዘንቧል መሰለኝ" ያለው ገምቷል። "ሳይዘንብ አልቀረም" ያለው ደግሞ እርጥቡን መሬት አይቷል፣ ዝናቡን ግን አላየም። አያቴ የሰፈር ወሬ ስታወራ እንኳ "አገባች አሉ" ነው የምትለው፤ በአንዲት ቃል "እኔ ሠርጉ ላይ አልነበርኩም" ብላ ነግራችኋለች። እርግጥ "አሉ" የሐሜተኛ መሸሸጊያም ናት፤ ስንት ሰው ስሙ የጠፋው በእሷ ነው። ቢሆንም ተናጋሪው ከነገሩ ምን ያህል እንደራቀ ትናገራለች። የእኔ ስክሪን ግን ያላየውን እንዳየ ሰው ይናገር ነበር። ለሁለት ፊደል የሚሆን ቦታ ነበረው።

እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ዊልያም ክሊፎርድ በ1877 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ስለ ማመን ሥነ ምግባር የሚያወራ ድርሰት አለ። የሚጀምረው በአንድ የመርከብ ባለቤት ታሪክ ነው። ሰውዬው መርከቡ ማርጀቷን፣ ጥገና ሳያስፈልጋት እንደማይቀር ያውቃል። ጥርጣሬው ሲያስጨንቀው ግን "ስንት ማዕበል አልፋ የለ እንዴ" እያለ ራሱን ያሳምናል፤ በመጨረሻ ከልቡ አምኖ ስደተኞችን አሳፍሮ ይሸኛታል። መርከቧ ከነሰዎቹ ሰጠመች፤ እሱም የኢንሹራንሱን ገንዘብ ወሰደ። ክሊፎርድ ጥፋተኛ ነው ይላል፣ ከልቡ ማመኑ አያድነውም፤ ምክንያቱም እምነቱን ያገኘው በመመርመር ሳይሆን ጥርጣሬውን በማፈን ነው። ቀጥሎ የሚለው ነው የሚከብደው፦ መርከቧ በሰላም ብትደርስም ኖሮ ጥፋቱ ያው ነበር።

የቅዳሜ ሌሊቱ እኔ ያ ሰውዬ ነኝ። 54ቱም ቢፈለፈሉ ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም፤ ምናልባት "በሦስት ምሽት የሠራሁት ማሽን" ብዬ ፎቶ እለጥፍ ነበር። ክሊፎርድ ትክክል ከሆነ ያኔም በልኬ አጥፍቻለሁ፣ ግን የሚነግረኝ አልነበረም። ይህ ያስፈራኛል። ስንት ያልለካኋቸው ብሎኖች ዝም ብለው እየሠሩልኝ ይሆን?

ክሊፎርድን ግን እስከ መጨረሻው አልከተለውም። በቂ ማስረጃ ሳይኖር ማንም፣ የትም፣ ምንም ማመን የለበትም ይላል፤ እንዲህ ከሆነ ማንም ምንም አይሠራም። አብዛኛው የቤት ስሪዲ ፕሪንተር እኮ በስቴፐር ነው የሚሠራው፣ ሞተሩንም "ደረስክ ወይ?" ብሎ አይጠይቀውም። ያዛል፣ ይቆጥራል፣ ያምናል። ለብዙ ሰዓት ያትማል፣ አብዛኛውን ጊዜም ልክ ይወጣል። የሠራው ሰው ክብደቱን ያውቃል፣ ሙቀቱን ያውቃል፣ ከሚያስፈልገው በላይ አቅም ትቶለታል። ሳያጣሩ ማመን በራሱ ነውር አይደለም። ደግሞስ ማጣራት የት ላይ ያበቃል? መድረሱን የሚነግር ስዊች ብጨምር ስዊቹም ሊጣበቅ ይችላል። ኮምፒውተር የተማራችሁ የሁለቱን ጄኔራሎች እንቆቅልሽ ታስታውሳላችሁ፤ መልእክተኛው መንገድ ላይ ሊጠፋ ስለሚችል "ደርሶኛል" ለሚለው መልስም ሌላ "ደርሶኛል" ያስፈልጋል፣ ለእሱም ሌላ። የትኛውም ቁጥር እርግጠኛ እንደማያደርጋቸው በማስረጃ የታወቀ ነው።

ስለዚህ ጥፋቴን የማስቀምጠው አለመለካቴ ላይ ብቻ አይደለም። ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ጥርጣሬ ነበረኝ። ጥርጣሬው የእኔ ነበር፤ እንቁላሉ ግን የእሷ። ጥርጣሬዬን ለእኔ አስቀርቼ ለእሷ እርግጠኝነት ሰጠኋት። "እቴቴ፣ አንዱን ነገር በደንብ አልለካሁትም፤ ለጥቂት ቀን በዓይንሽ ተከታተዪው" ብላት ኖሮ በ9ኛው ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ትደውልልኝ ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ምን ከለከለኝ? ለሁሉም ተነግሮ ነበራ። የተማረው ልጅ ማሽን ሠራ ተብሏል፤ የተማረው ልጅ "እንጃ" እያለ ማሽን ሊያስረክብ ነው? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ፤ እኔ የታጠቅኩት ሰው እያየኝ ነበር፣ ያ ነው የባሰው።

ሰኞ ቢሮ ገባሁ። የምንሠራው መተግበሪያ ደንበኛው ቅጽ ሞልቶ ሲልክ "ጥያቄዎ ደርሷል" የሚል አረንጓዴ ጽሑፍ ያወጣል። ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ፣ አንዱን የጻፍኩትም እኔ ነኝ። ኮዱን ገልጬ አየሁት። አረንጓዴው የሚወጣው ጥያቄው ወረፋ ውስጥ ሲገባ ነው፤ ከወረፋው ወጥቶ ሰው ጋ ይድረስ አይድረስ የሚያውቅ የለም። ስብሰባ ላይ አነሳሁት። አንዱ የሥራ ባልደረባዬ ያለኝ መልስ ቀላል አልነበረም፦ "ሰው የሚፈልገው መረጋጋት ነው። 'ልከናል፣ መድረሱን አላወቅንም' ብትለው አሥር ጊዜ ይጫናል፣ ከዚያ ይደውላል፣ ከዚያ ይመጣል።" እውነቱን ነው። እቴቴም የተኛችው "ዞሯል" ስላለ ነው፤ ያንን እንቅልፍ የሰጠኋት እኔ ነኝ። ብዙ ተከራክረን አንዷን ጽሑፍ ብቻ "ተቀብለናል፣ ገና እየታየ ነው" በሚል ቀየርናት። ሌሎቹ አሁንም አረንጓዴ ናቸው።

ማሽኑን ሁለት ቅዳሜ ፈጅቼ አስተካከልኩት። ፍጥነቱ አሁን ቀስ ብሎ ይነሳል። ብሎኗ 0.56 ቮልት ላይ ናት፣ 0.7 አምፔር፤ ይህም ድንቹን አሳምሮ ያነሳል፣ ማለትም መጀመሪያውኑ የጎደለው ኤሌክትሪክ አልነበረም። ድራይቨሩ አልሙኒየም ተለጥፎለት ከሳጥኑ ርቆ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ከዙር እስከ ዙር ኃይሉ ይጠፋል፣ የዘንጉ ጥርስ ራሱ ትሪውን ስለሚይዘው። በሁለቱም ጫፍ ትንንሽ ሊሚት ስዊች አለ፤ ትሪው ሄዶ ካልተጫነው ቆጣሪው አይጨምርም። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ካልተጫነ ደወል ይጮኻል። "ዞሯል"ን አጥፍቼ ሁለት አዲስ ቃላት ሳልኩ፤ "ደርሷል" እና "አልደረሰም"። ሁለተኛው ስድስት ፊደል ነው፣ ከሁሉም በላይ የለፋሁት በእሱ ነው።

የእንቁላሉን ዋጋ ልክፈል ብላት ተቆጣችኝ። ቀብዱን ለጎረቤቷ መልሳለች፤ 14ቱን ጫጩቶች "ለሷ ልስጣት ወይስ ለራሴ" እያለች ሳምንት ስታስብ ቆይታ በመጨረሻ በነጻ ሰጠቻት። ቃል ሰጥታ ነበር፣ ቃሏ የቆመው ደግሞ በእኔ ቃል ላይ ነበር። ይህን እኔ አልነገርኳትም፣ እሷም አልነገረችኝም።

አዲሱ ዙር ከገባ ወዲህ በየማታው እደውላለሁ። ትናንት "ደርሷል ይላል" አለችኝ፣ ከዚያ ትንሽ ቆይታ "እኔም አይቼዋለሁ" ጨመረችበት። ባለፈው ስሄድ እርሳሱ ከመሳቢያው ወጥቷል። ትሪው የሚደርስባቸውን ሁለት ቦታዎች በሳጥኑ ግድግዳ ላይ አስምራባቸዋለች፣ በአንደኛው ጋ መስቀል፣ በሌላኛው ጋ ክብ።

ጎረቤቷም ለራሷ እንዲሠራላት ትፈልጋለች አሉ። "ምን ልበላት?" ስትለኝ ዝም አልኳት። ዛሬ 12ኛው ቀን ነው።